ስምንተኛው ቅጂ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ4

ዛሬ እጄ ላይ ጸጉር ለጠፉበት። የወንድ ጸጉር። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ አንድ በአንድ በማጣበቂያ እየተከለች፣ "እትዬ፣ አይሳቁ፤ ይነቀልብኛል" ትለኛለች። እንዴት አልስቅ? በዚህ ዕድሜዬ ከእጅ አንጓዬ በታች ጦር ሜዳ የሞተ ገጣሚ ሆኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክዬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ባለፈው ወር የፊልሙ የዕቃ ክፍል ኃላፊ አንድ ጉዳይ ሊያስጽፍ መጣና ጽሕፈቴን አይቶ ቆመ።

"የሌላ ሰው ጽሕፈት ማስመሰል ይችላሉ?" አለኝ።

"ለማጭበርበር ከሆነ አልችልም።"

"ለፊልም ነው።"

ልዩነቱን እስካሁን አላገኘሁትም።

ፊልሙ በጦርነቱ ጊዜ ግጥም ይጽፍ ስለነበረ አንድ መኮንን ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ሚስት ነበረችው፤ የሆስፒታል ነርስ ነበረችው፤ የአለቃው ሚስት ነበረችው። ለሦስቱም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። መቼ እንደተዋጋ አላውቅም።

እኔ ጽሕፈቱን ከእውነተኛ ደብዳቤዎቹ ፎቶ ኮፒ ላይ አጥንቼ እጽፋለሁ። ካሜራው ወደ ወረቀቱ ሲጠጋ የምትታየው እጅ የኔ ናት። ከእጁ በላይ ያለው ሁሉ የዋናው ተዋናይ ነው። በዚህ ደብተር ውስጥ ቆንጆው እለዋለሁ። እሱም ቢሰማ አይከፋውም።

ሐሙስ፣ በ7

ቆንጆው ብዕር ይዞ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። "የገጣሚውን ጽሕፈት ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ፊልሙ ላይ የምታዩአቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ የጻፍኳቸው በገዛ እጄ ነው" ይላል። እኔ ላይ የፈጀው አሥር ቀን ነው። ግን ምንም ማለት አልችልም፤ ሥራ ስጀምር ደብዳቤዎቹን ማን እንደሚጽፋቸው ለቤተሰቤም ቢሆን እንዳልናገር አስፈርመውኛል። ለሰው ስንት የስምምነት ወረቀት የጻፍኩ ሴት የራሴን ሳላነብ ፈረምኩ።

ጋዜጣውን ጮክ ብላ ያነበበችልኝ ልጄ ናት። ልጄ እላለሁ እንጂ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት። ነርስነት ትማራለች፣ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፊልሙ ውስጥ በአጃቢነት ገባች። የነርስ ልብስ ለብሰው ወዲያ ወዲህ ከሚሉት አሥር ሴቶች መሐል ፋሻ መጠቅለል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

"አየሽ አክስቴ? አንድ ዓመት ሙሉ! ለሙያ መሰጠት ማለት ይሄ ነው።"

"አየሁ።"

"አንቺን ደግሞ ምንም አይደንቅሽም።"

እኔ ዕቃ ክፍል ቁጭ ብዬ ወረቀት በሻይ እየነከርኩ አሮጌ የማስመስል ይመስላታል። እሱንም እሠራለሁ፣ ውሸት አይደለም። ቀረጻ ቦታ "ሰው ፊት ልጄ እንዳትይኝ፤ በዘመድ ገባች ይሉኛል" ብላ አስጠንቅቃኛለች። እሺ ብያለሁ። በግቢው ስታልፍ እኔ ወረቀት አሰጣለሁ፣ እሷ ሰማይ ታያለች።

ቅዳሜ፣ በ9

ገጣሚው ለነርሷ የጻፈውን ደብዳቤ አሥራ አምስት ጊዜ እንድገለብጥ ታዘዝኩ። በታሪኩ ደብዳቤውን ጽፎ ይጨርስና አንብቦ ይቀደዋል። ቆንጆው ባንዴ አይሆንለትም፤ በተበላሸበት ቁጥር አንድ ደብዳቤ ይቀደዳል። ስለዚህ አሥራ አምስት። እንዳይደባለቁብኝ ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ቁጥር እጽፋለሁ።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከሱቅ መጠቅለያ ነው። ልጅ ሆኜ በምሠራበት ሱቅ ሳሙናና ስኳር የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣና በተገነጠለ መጽሐፍ ነበር። ብዙ የፍቅር ታሪክ አንብቤአለሁ፣ መካከላቸውን ብቻ። ማን እንደጀመረው፣ በምን እንዳለቀ የሚናገረው ገጽ ሌላ ሰው ቤት ሄዷል። መጨረሻውን ያገኘሁት ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። "ባለቤቴ የነበሩት ግለሰብ ቤታቸውን ጥለው ከሄዱ እነሆ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል" ብሎ ይጀምራል መጨረሻው።

እና ይህን ስገለብጥ፣ "ውዴ፣ ያለ አንቺ ሌሊቱ ረዘመብኝ፤ የመድፉ ጩኸት ስምሽን ይጠራል" ይላል። የቷን ስም? ፎቶ ኮፒዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ አይቻለሁ። ይህችኑ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ለሚስቱ ጽፏታል፤ ከአርባ ቀን በኋላ ለነርሷ፤ ከዚያ ደግሞ ለአለቃው ሚስት። ለሦስቱም "ውዴ" ነው የሚለው። ብልህ ሰው ነበር። ስም የሌለበት ደብዳቤ አይበላሽም፤ ለማንም ይሆናል። ዳይሬክተሩ፣ በሙቀትም በብርድም ሻርፕ የማያወልቀው፣ ይህን "ለሦስት የተከፈለች ነፍስ" ይለዋል። እኛ በር ላይ ሌላ ስም አለው። አንቀጽም አለው።

ማክሰኞ፣ በ12

ቀኑን ሙሉ የእጄ ቀረጻ ነበር። ባለ ሻርፑ እኔን አያናግርም፣ እጄን ነው የሚያናግረው። "እጁ ትንሽ ይዘን። እጁ ያመንታ። አሁን እጁ ምን አስቸኮለው?" እጁ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጎ ነው። አላልኩም።

መብራት ከሚሸከሙት አንዱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ስመጣ አልተነሳም። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ድምፁን ሳያነሳ፣ "ይሄ የእሳቸው ወንበር ነው። በሌሉበትም ማንም እንዳይነካው፤ መጥተው ቆመው እንዳይጠብቁ" አለው። ይኸው ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው የቀለም ጠርሙስ ከየትም ፈልጎ የሚያመጣ ሰው፣ ለገዛ ኮቱ አንድ ቁልፍ ማግኘት አቅቶት ከላይ ሁለተኛውን ክፍት አድርጎ ይዞራል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው አሉ። ሰው እንዴት ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ አይተክልም?

ዓርብ፣ በ15

ሰባተኛው ቅጂ ላይ እጄ ዛለ። ስምንተኛው ላይ ትዕግስቴ አለቀ።

ማመልከቻ ስጽፍ የተለመደ አሠራር አለኝ። ባለጉዳዩ የሚለው ሁሉ ደረቅ ከሆነ፣ ከመዝጊያው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ አገባለሁ። አንዲት ብቻ፤ ዳኛው ቀና እንዲል። "ልጁ ጫማው ስለጠበበው ተረከዙን ረግጦ ይሄዳል" የሚል ዓይነት። እንባ አላስገባም፣ እንባ ሁሉም ያስገባል። ዕቃ ነው የማስገባው።

የገጣሚው ደብዳቤ መድፍ፣ ኮከብና ደም ብቻ ነው። አንድም የሚጨበጥ ነገር የለውም። እኔ ይህንን ይዤ ዳኛ ፊት አልቀርብም። ስለዚህ ስምንተኛው ላይ፣ ከስንብቱ በፊት፣ ጨመርኩለት፤ "ወንበርሽን ማንም እንዳይነካው ነግሬአቸዋለሁ፤ ብትመጪ ቆመሽ እንዳትጠብቂኝ።"

ዘጠነኛው ላይ ወደ መድፉ ተመለስኩ። ስምንተኛውን ቀድጄ መጣል ነበረብኝ። ወረቀቱ ተነክሮ፣ ደርቆ፣ በካውያ ተተኩሶ ያለቀ ነው፤ ለመጣል አሳዘነኝ። ደግሞ ለሚቀደድ ነገር ማን ይጨነቃል?

ረቡዕ፣ በ20

አነበበው።

ከዕቃ ክፍሉ በር ሆኜ አይ ነበር። ቆንጆው ሰባት ጊዜ ቀደደ፤ ሰባት ጊዜም ባለ ሻርፑ "ከት!" አለ። ቆንጆው ቃል አያጠናም፤ ወረቀቱ እጁ ላይ እያለ ምን ያስጠናዋል? በስምንተኛው እየተጎተተ ሲያነብ ወንበሩ ላይ ደረሰ። ቆም አለ። ደግሞ አነበበው፣ ቀስ ብሎ። ሳይቀደው ቀረ። ከአጃቢ ነርሶቹ አንዷ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ። የኔዋ ነበረች።

"ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" አለ ባለ ሻርፑ።

ቆንጆው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። "እንጃ። ከልብ መጣ።"

"ይቆያል! እንዳትነኩት፣ ይቆያል!"

ከልብ መጣ። ከየትኛው ልብ ብሎ የጠየቀው የለም።

ኃላፊው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወንበሬን አየ፤ ከዚያ የሚያወርደው ሳጥን እንዳለ ትዝ ብሎት ሄደ። የሚወርድ ሳጥን አልነበረም።

ዓርብ፣ በ22

ዛሬ የሚስትየዋ ክፍል ተቀረጸ። ፊልሙ ላይ ሚስትየዋ ደረቅ ናት፤ ግጥም አይገባትም። እሱ ስለ ሞት ይጽፍላታል፣ እሷ ስለ ጣሪያ ትመልስለታለች። ባለ ሻርፑ ተዋናይቷን "ቅዝቅዝ በይ፣ ግድግዳ ሁኚ" ሲላት ሰማሁ።

የእውነተኛዋን ሴትዮ መልሶች ከፎቶ ኮፒው መሐል አንብቤአለሁ። "ጣሪያው በሰሜን በኩል ያፈሳል፤ አልጋህን ወደዚህ አዙሬዋለሁ። ልጁ አራት ጥርስ አውጥቷል። ሲስቅ አንተን ይመስላል፣ ሲያለቅስ ማንንም አይመስልም።" ከዚያ ሁሉ ክምር ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ይህን ብቻ ነው። ለፊልሙ አይሆንም አሉ። ግጥም የላትም አሉ። ከጦር ሜዳው ርቆ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ልጅ ያሳደገችዋ ግድግዳ ተባለች፣ ለሦስት ሴት አንድ ደብዳቤ የሚገለብጠው ነፍስ ተባለ።

እሑድ፣ በ24

ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠብን ልጄ፣ "አክስቴ፣ አንድ ነገር ባሳይሽ አትቆጪም?" አለችኝ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ የሰውነት ክፍሎች መጽሐፏን ከፈተች፣ ከጉበትና ከኩላሊት መሐል አንድ ወረቀት አወጣች።

ሳላነበው አወቅሁት። ሻይ የበዛበትን ጥግ አወቅሁት።

"ማን ሰጠሽ?"

"እሱ ነዋ። ለኔ ጻፈልኝ።"

"በዚህ ጽሕፈት?"

"ሚናው ውስጥ ገብቶ እኮ ነው። አንድ ዓመት ሲለማመድ ከርሞ አሁን የራሱ ጽሕፈት ጠፍቶበታል፤ ራሱ ነው የነገረኝ።"

"መድፍ ይላል። መድፍ የት ሰማ?"

"አክስቴ ደግሞ! ሥራውን እኮ ነው ጦርነት የሚለው።"

"ይቺስ?" ጀርባውን ገለበጥኩት። በላጲስ ታሽታም ስምንቷ ትታያለች።

"ከተዋወቅን ስምንተኛ ቀናችን ነበር" አለች፣ ድምፅዋ እየራሰ። "ቀን የሚቆጥር ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ቀን የሚቆጥሩ ሴቶች ነው ያየሁት፤ ወንዶቹ ከሄዱበት ጀምሮ።

ከዚያ ወንበሩን አነበበችልኝ። በቃሏ፣ ዓይኗን ጨፍና። "እንዲህ የሚል ሰው አይዋሽም አክስቴ። መድፉን ማንም ይጽፈዋል። ይሄን ግን ያልወደደ ሰው አይጽፈውም።"

ሳሙናው እጄ ላይ ደረቀ። እዚያው ልነግራት ይገባ ነበር።

"እስቲ ደግመሽ አንብቢው" አልኳት።

ማክሰኞ፣ በ26

አልነገርኳትም። የፈረምኩት ወረቀት አለ። ነገ።

ረቡዕ፣ በ27

ነገ ያልኩት ዛሬ ነበር። እሷ አምሽታ ገባች፣ እኔ ተኝቼ አስመሰልኩ። ማስመሰል ሥራዬ ሆኗል።

ሐሙስ፣ በ28

በስልክ ለጓደኛዋ አነበበችላት። ከወጥ ቤት እሰማለሁ። ጓደኛዋም አለቀሰች መሰለኝ፣ "አይደል? አይደል?" ስትላት ቆየች። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው። ለፍርድ ቤት ከጻፍኩት ሁሉ ይህን ያህል የሠራ የለም። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጎረቤቴ "ምን አገኘሽ ዛሬ? ፊትሽ በርቷል" አለችኝ። ምንም አላገኘሁም አልኳት።

ያን ቆሻሻ ነገር ወዲያው መቅደድ ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ አዲሱ ወር በገባ በ3

ዛሬ መጣ፣ የፈራሁት።

"የቀረው ቀረጻ ባሕሩ ዳር ነው" አለች። "ሁለት ወር። አብሬው እሄዳለሁ።"

"የሆስፒታል ልምምድሽስ? ምዝገባው በ12 ነው።"

"በሚቀጥለው ዓመት እመዘገባለሁ።"

"በቀኑ ያልተመዘገበ ተማሪ ቦታውን ያጣል ይላል። ደንቡን ያነበብኩልሽ እኔ ነኝ።"

"አንቺ ሁሉን ነገር እንደ ማመልከቻ ነው የምታነቢው! ሰው ወንበር ይዞልኛል እያልኩሽ እኮ ነው። አንቺን ማን ወንበር ይዞልሽ ያውቃል?"

መልስ ነበረኝ። 

ሦስት ዓመት ሙሉ በሌሊት ተነስታ ስታጠና አብሬአት ተነስቻለሁ። የአጥንቱን ስም ሁሉ እሷ ስትጠራ እኔ ከመጽሐፉ እያየሁ አርሜአታለሁ፤ ሁለት መቶ ስድስት አጥንት። ይህን ሁሉ ለአንድ ሻርፕ ለባሽና ከመስታወት ለማይለይ ለአንድ ቆንጆ ልታስረክበው ነው፤ ለሁለት ወር፣ ከዚያም በሦስተኛው ወር ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ብነግራት ይቀራል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብነግራት ደግሞ ያችን ዓረፍተ ነገር ዓይኗን ጨፍና አትላትም።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። የከለከለኝ ፊርማው ነው።

ረቡዕ፣ በ4

ቀረጻ የለም። ፍርድ ቤት በር ላይ ዋልኩ። ከጎኔ የሚጽፈውን ሽማግሌ አማከርኩት።

"አንዲት ባለጉዳይ አለችኝ" አልኩት። "ምስጢር ላትናገር ፈርማለች። ዝም ካለች ግን የቤቷ ሰው ይጎዳል።"

"የቤቷ ሰው ለከሳሹ ይነግርባታል?"

"አይነግርም።"

"ታዲያ ማን ሊከሳት ነው? ፊርማው አይደለም የያዛት በያት።" መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ለመሆኑ ባለጉዳይሽ ደህና ናት? ከሳች።"

ይህ ሰው ሁልጊዜም ነገረኛ ነው።

ዓርብ፣ በ6

ቆንጆው ዕቃ ክፍል መጣ። መጀመሪያ ባለመስታወቱን ቁም ሣጥን አገኘ፣ ቀጥሎ እኔን።

"እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ! ያቺ የወንበሯ ነገር የእርስዎ እንደሆነች አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።" እንደዋለልኝ ውለታ ነው የሚነግረኝ።

"ምን ልታዘዝ?"

"አንድ ሌላ ይጻፉልኝ። እንደዚያችው። ለስለስ ያለ፣ ግን ጨክና እንድትነሳ የሚያደርግ።"

"ለፊልሙ ነው?"

"አይ፣ አንዲት ልጅ ናት። ከአጃቢዎቹ ውስጥ፣ ፋሻ የምትጠቀልለዋ። እሄዳለሁ ብላኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትምህርቴ ምናምን እያለች ታመነታለች።"

ታመነታለች! ከኔ ጋር ስትሟገት ለሱ ታመነታለች።

"ስሟን ልጻፈው?"

"ስም ምን ያደርጋል?" ሳቀ። "ውዴ ይበቃል።"

"መቼ ይድረስልህ?"

"ማክሰኞ።"

እሺ አልኩት። ባለጉዳይ አልመልስም።

እሑድ፣ በ8

ምሳ እንደበላን ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ሳብኩት። ብዕሩን፣ ቀለሙን፣ በሻይ የተነከረ አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣሁ። ባለጉዳይ እንደማስቀምጥ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት።

"ምንድነው?"

"ለማክሰኞ የሚደርስ ደብዳቤ ታዝዣለሁ። ያዘዘው ሰው ምን እንደሚል አያውቅም። አንቺ ንገሪኝ፤ ምን ቢልሽ ደስ ይልሻል?"

"ማን?"

ብዕሩን ነከርኩና "ውዴ" ብዬ ጻፍኩ፤ እሱ እንደሚያዘነብለው አዘንብዬ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ እንደሚያወርደው አውርጄ። ቀጥሎ ሌሊቱን። ቀጥሎ መድፉን። እጄን ታያለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ "እንዴ አክስቴ! ቁርጥ እሱን!" አለች። ወንበሩ ላይ ስደርስ ሳቋ ቆመ። ተነስታ መጽሐፏን አመጣች፣ የሷን ወረቀት አውጥታ ከኔው ጎን አስቀመጠችው። ልዩነት ፈለገች። ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች፣ የታማሚ ቁስል እንደምታይ ተጠንቅቃ ፈለገች። ያገኘችው ልዩነት የኔው ቀለም አለመድረቁ ብቻ ነው።

"ስምንቷስ?" አለች።

"ከአሥራ አምስት ስምንተኛው ነው።"

"አሥራ አምስት።"

"ይቀደዳል እኮ። ሰባቱ ሲቀደዱ አንቺም ቆመሽ ነበር።"

ታለቅሳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ፎጣ ሁሉ አቅርቤአለሁ። አላለቀሰችም።

"የወንበሩስ? ገጣሚው ነው?"

"አይደለም።"

"እሱ ነው?"

"አይደለም።"

እጄን አየች። ቀለም የነካውን ጣቴን። "ለማን ጻፍሽው?"

"ለማንም።"

"ይሄ ማንም የሚባለው ሰው ዕድለኛ ነው።" ቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር፤ አልወጣላትም። ከዚያ በጣቶቿ ቆጠረች። "አሥራ አራት ቀን። አሥራ አራት ቀን እንደዚያ ሆኜ እያየሽኝ ዝም አልሽ።"

"ፈርሜ ነበር።"

"አትዋሺኝ አክስቴ። እሱ የዋሸኝ በሰው ቃል ነው። አንቺ የገዛ ቃልሽን ከኔ አፍ ትሰሚ ነበር። 'ደግመሽ አንብቢው' አልሽኝ። ደግሜ አነበብኩልሽ!"

ማመልከቻ ብትጽፍ በሩ ላይ የሚስተካከላት አይገኝም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከመዝጊያው በፊት።

ልብሷን በቦርሳ ከታ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ትታቸዋለች። "ምዝገባውስ?" ብዬ ደረጃው ድረስ ተከተልኳት። አልዞረችም። እሱ ዘንድ ከሄደችም በእልህ ትሄዳለች፤ የእልህ መንገድ ደግሞ እኔ ነኝ የጠረግኩላት። ለሰው ስጽፍ እውነቱን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርጉት እላለሁ። ለራሴ ልጅ መጨረሻ ላይ አደረግኩት።

ማክሰኞ፣ በ10

ቆንጆው መጣ። "ደረሰ?"

"ባለጉዳይዋ አልፈረመችም።"

"የምን ባለጉዳይ?"

"ፋሻ የምትጠቀልለዋ ልጄ ናት።"

ቶሎ አልገባውም። ሲገባው መጀመሪያ የጠየቀኝ "ለጋዜጣ ትናገራለች?" ብሎ ነው። ደህና ናት ወይ አላለም። ተቀይማኛለች ወይ አላለም።

"አትናገርም። እኔም ፈርሜአለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ!" አለ። በዚህ ፊልም ሥራ ላይ ሳያስመስል ሲናገር የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

"አንተ ዘንድ አልመጣችም?"

"ከቅዳሜ ወዲህ አላየኋትም። እኔ እኮ ቤቷ ያለች መስሎኝ..." ሳይጨርስ ወረቀቴን ማስጣት ጀመርኩ። እጄ ግን መቆንጠጫውን ሁለት ጊዜ ጣለው።

ኃላፊው ከመደርደሪያው ጀርባ ሁሉንም ሰምቷል። መቆንጠጫውን አንስቶ ሰጠኝ። ለባሕሩ ዳር ቀረጻ ገና ሃያ ደብዳቤ እንደሚቀር፣ መኪናው ላይ ቦታ እንዳለ ነገረኝ።

"ወረቀቱ እዚህም ሆኖ ይጻፋል" አልኩት።

"እጁ እዚያ ያስፈልጋል" አለ። ከዚያ ፊቱ ትንሽ ቀየር ብሎ፣ "ማለቴ እርስዎ" አለ።

"ልጄ ሐሙስ ምዝገባ አለባት።"

የምትመዘገበው እሷ አይደለች ወይ ማለት ይችል ነበር። "እሺ፣ ሐሙስ ይለፍ" አለ። ቁልፉን አሁንም አልተከለም።

ሐሙስ፣ በ12

ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላዬን አልተከልኩም። ከትምህርት ቤቷ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥላ ሥር ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቆምኩ። ያካፋል። ሰልፉ እስከ አጥሩ ጥግ ደርሷል። ፊቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ፤ የለችም። አራት ሰዓት፤ የለችም። የሰልፉን ጭራ ብቻ እየጠበቅኩ፣ ከመኪና የሚወርድ ሁሉ እሷ እየመሰለችኝ ነበር። ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ሰው "እማማ፣ የሚገለበጥ አለዎት?" አለኝ። ስንት ጊዜ ልገልብጥ? የለኝም አልኩት።

ባለ ሻርፑ ቢሆን እዚህ ላይ ሙዚቃ ያስገባ ነበር። እኔ ስድብ አስገባሁ። ቆንጆውን ሰደብኩ፣ ገጣሚውን ሰደብኩ፣ ጋዜጣውን ሰደብኩ፣ በመጨረሻ አንዲት ማመልከቻ ጸሐፊ ሰደብኩ። ከሁሉም ለሷ ነው ያረዘምኩት።

አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጣች። ከሰልፉ አይደለም፣ ከውስጥ። በሩ ከመከፈቱ በፊት መጥታ መጀመሪያ ከገቡት መሐል ኖራለች። እኔ ከመድረሴ በፊት።

አየችኝ። አላየችኝም እንዳልል ዓይኗ እኔ ላይ ቆየ። የምትሻገር መስሎኝ ነጠላ ጫማዬ ውኃ ውስጥ እስኪገባ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ቀረብኩ። አልተሻገረችም። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች፣ በሁለት እጇ ወጥራ ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። አንድ አውቶቡስ መሐላችን አለፈ። ሲያልፍ እጇን አላወረደችም ነበር፤ ማየቴን እስክታረጋግጥ ያዘችው። ከዚያ አጠፈችውና በሌላው አቅጣጫ ሄደች።

ከዚያ ርቀት ጽሑፍ አይነበብም። ማኅተሙ ሰማያዊ ነበር።